ከሦስቱ የትኛው ነው ፎርጅድ? (8080፣ ሲድ እና 386)

#1 ዝንጉ_ዳዮድ
ሰላም ለሁላችሁ። እስከዛሬ አንባቢ ብቻ ነበርኩ። ዛሬ ግን ግራ ስለገባኝ ልጽፍ ተገደድኩ። ከአንድ የኢንተርኔት ሻጭ ሦስት አሮጌ ቺፖች በአንድ ላይ ገዝቼ ነበር፣ ዛሬ ደረሱኝ። ቢያንስ አንዱ ፎርጅድ ነው የሚል ጥርጣሬ ገብቶኛል። የትኛው እንደሆነ ነው ከራሴ ጋር ያልተስማማሁት።

አንደኛው 8080ኤ የሚባለው የ70ዎቹ ፕሮሰሰር ነው፣ ባለ 40 እግር ፕላስቲክ። እግሮቹ ከሰል መስለዋል። ጽሑፉ ደብዝዞ ዘንበል አድርጌ በመብራት ካላየሁት አይነበብም። በዚያ ላይ 8080 የኢንቴል ነው አይደል? ይሄ ግን የቴክሳስ ኢንስትሩመንትስ ስም ነው ያለበት። ከስሩ 7834 ይላል።

ሁለተኛው ሲድ 6581 ነው፣ ኮሞዶር 64 የሚባለው የድሮ የቤት ኮምፒውተር የድምፅ ቺፕ። ይሄ ትናንት ከፋብሪካ የወጣ ይመስላል። ላዩ ልስልስ ያለ ጥቁር፣ ጽሑፉ ነጭና ጥርት ያለ፣ እግሮቹ የሚያብረቀርቁ። ከስሙ ስር 8537 ይላል። የ1985 37ኛ ሳምንት ማለት ይመስለኛል።

ሦስተኛው ባለ 16 ሜጋኸርዝ 386 ነው፣ የኢንቴል ፕሮሰሰር። ሁለት የሲግማ (Σ) ፊደል አለበት። ሲግማው የመጣው በ1987 ነው ሲባል ሰምቻለሁ። ግን ታች በክብ ውስጥ ካለችው ሲ ጎን 85 ይላል። በ85 የተሠራ ቺፕ የ87 ምልክት ከየት ያመጣል?

ስለዚህ 386ቱን ልመልሰው ነው። 8080ውም ደስ አላለኝም። ልቤን የሞላው ሲዱ ብቻ ነው። ምን ትላላችሁ?

#2 ናኖ_ቢት
ሲዱ አሪፍ ነው፣ እንኳን ደስ አለህ። 8080ውን እግሩን በብርጭቆ ወረቀት ፈግፍገው። ከዚያ ጽሑፉን በአሴቶን ጥረገው። ከለቀቀ ፎርጅድ ነው፣ ካልለቀቀ ኦሪጅናል። አለቀ።

#3 አሮጌው_ሶኬት
ኧረ ቆይ! ብርጭቆ ወረቀቱን አስቀምጠው ልጄ። አሴቶኑንም ክደነው።

ከእግሩ እንጀምር። በ70ዎቹ ቴክሳስ ኢንስትሩመንትስን ጨምሮ ብዙ ፋብሪካዎች የቺፕ እግር በብር ይለብጡ ነበር። ብር አየር ውስጥ ካለ ሰልፈር ጋር ሲቆይ ይጠቁራል። ሳጥን ውስጥ የተረሳ የብር ጌጥ አይተህ ታውቃለህ? እሱ ነው። ያ ጥቁረት አርባ ዓመት ሙሉ ማንም እጁን እንዳላስገባ የሚናገር ምስክር ነው። ብትፈገፍገው ምስክሩን ገደልከው። ልባጩ ከሄደ ደግሞ ስሩ ያለው ብረት ዝገት ይጀምረዋል።

ስሙም አያስደንግጥህ። በዚያ ዘመን ትልልቅ ገዢዎች አንድ ፋብሪካ ላይ ብቻ መንጠልጠል አይፈልጉም ነበር። ሁለተኛ አምራች ካልኖረ ቺፑን ምርታቸው ውስጥ አያስገቡትም። ስለዚህ 8080ኤን ኢንቴል ብቻ ሳይሆን ኤኤምዲ፣ ኤንኢሲ፣ ናሽናል ሴሚኮንዳክተር፣ ሲመንስና ቴክሳስ ኢንስትሩመንትስም ሠርተውታል። 7834 ማለት የ1978 34ኛ ሳምንት ነው። ያየኸው ሁሉ እርስ በርሱ ይስማማል።

አንድ ነገር ልንገርህ። እኔ ቺፕ ሲመጣልኝ ጽሑፉን የማነበው መጨረሻ ላይ ነው። መጀመሪያ እገለብጠዋለሁ። ሆዱን አያለሁ፣ ቀጥሎ እግሩን፣ ቀጥሎ ጎኑን፣ ቀጥሎ አንደኛ እግር አጠገብ ያለችውን ጎድጓዳ ነጥብ። ስሙን ካነበብኩ በኋላ ዓይኔ ማየት የሚፈልገውን ነው የሚያየው። ስንት ጊዜ ተሸውጄበታለሁ መሰለህ።

እኔን የሚያሳስበኝ ሲዱ ነው።

#4 ባለማጉያዋ
ጋሼ ልክ ናቸው፣ እኔንም ሲዱ ነው ያስጠረጠረኝ። ዝንጉ፣ ያንን 8537 አንድ ጊዜ ደግመህ እየው።

አብዛኛው ፋብሪካ ዓመቱን አስቀድሞ ሳምንቱን ያስከትላል። ሲድን የሠራው ኤምኦኤስ ግን ይገለብጠዋል፣ ሳምንት መጀመሪያ፣ ዓመት በኋላ። እስካሁን እጄ የገቡት ሲዶች ሁሉ እንደዚያ ናቸው። 4885 ካለ የ1985 48ኛ ሳምንት ነው። ያንተ በዚህ ደንብ ሲነበብ የ1937 85ኛ ሳምንት ይሆናል። በ1937 ትራንዚስተር ራሱ ገና አልተወለደም፣ የተወለደው በ1947 ነው። 85 ሳምንት ያለው ዓመትም አልሰማሁም 😄

ይህን ያተመ ሰው አጠቃላይ ደንቡን ያውቃል፣ የኤምኦኤስን ልማድ ግን አያውቅም። ብዙ ፎርጅድ የሚያዘው በእንዲህ ያለ ትንሽ ነገር ነው።

386ቱን ደግሞ እንዳትመልሰው! በክብ ውስጥ ያለችው ሲ የቅጂ መብት ምልክት ናት። 85 የንድፉ መብት የተመዘገበበት ዓመት እንጂ ቺፑ የተሠራበት ቀን አይደለም። የተሠራበትን ከፈለግክ በላቲን ፊደል የሚጀምረውን ረጅም ቁጥር ፈልግ። ፊደሏ የፋብሪካው ምልክት ናት። ቀጥላ ያለችው አንድ አሃዝ የዓመቱ መጨረሻ ናት፣ ከዚያ ያሉት ሁለቱ ሳምንቱ። ምን ይላል?

#5 ዝንጉ_ዳዮድ
ከፊደሏ ቀጥሎ 731 ብሎ ይጀምራል።

#6 ባለማጉያዋ
የ1987 31ኛ ሳምንት። በቃ፣ ከሲግማው ጋር ገጠመ።

ታሪኩን ካልሰማህ በአጭሩ ይኸውልህ። 386 የወጣው በ1985 ነው። በኋላ አንዳንዶቹ ባለ 32 ቢት ማባዛት ላይ እንደሚሳሳቱ ታወቀ። ስህተቱም ሁሌ አይታይም፣ እንደ ሙቀቱና እንደ ቮልቴጁ ነው። ኢንቴል ቺፖቹን እየፈተነ ያለፉትን ሁለት ሲግማ አተመባቸው። የወደቁትን አልጣላቸውም፣ «ለ16 ቢት ሶፍትዌር ብቻ» ብሎ አትሞ ሸጣቸው። ያኔ 32 ቢት የሚጠቀም ፕሮግራም ጥቂት ስለነበር ገዢ አላጡም። ለኔ እንደውም የወደቁት ይበልጥ ያምሩኛል። የራሱን ጉድለት ግንባሩ ላይ ጽፎ የሚዞር ቺፕ ከየት ይገኛል?

#7 ናኖ_ቢት
እሺ ተሸነፍኩ። ግን አሴቶኑ ምን አጠፋ? የፎርጅድ መለያው እሱ ነው ሲባል ነው የሰማሁት።

#8 አሮጌው_ሶኬት
መለያነቱ እውነት ነው ናኖ፣ የት እንደሚቀባ ነው ጥያቄው።

ፎርጅድ ሠሪው የሚያደርገው ይህን ነው። የድሮውን ጽሑፍ ሞርዶ ያጠፋል። የሞረደበት እንዳይታይ ላዩን ጥቁር ቀለም ይቀባዋል። ከዚያ አዲስ ስም ያትምበታል። አሴቶን ያንን ጥቁር ሽፋን ካነሳው ጥጡ ይጠቁራል፣ ስሩ የሞረዱ ጭረት ይወጣል። መለያው የሽፋኑ መልቀቅ ነው፣ የጽሑፉ አይደለም።

የ70ዎቹ እውነተኛ ጽሑፍ እኮ ራሱ ተራ ቀለም ነው። አንዳንዱ በጣት ላብ እንኳ ይለቃል። ያንን 8080 በአሴቶን ብትጠርገው ጽሑፉ ድራሹ ይጠፋል። አንተ «ያዝኩት!» ትላለህ፣ ኦሪጅናሉ ቺፕ ግን ስም የለሽ ሆኖ ቀረ። እኔ ይህን አንድ ነጭ ሴራሚክ ላይ ሠርቼዋለሁ። እስከዛሬ ያቃጥለኛል።

ስለዚህ ከጽሑፉ ርቆ፣ ጠርዝ ላይ፣ በጥጥ ጫፍ። ደግሞ ጥጡ ካልጠቆረ ኦሪጅናል ነው ማለት አይደለም። አሁን አሴቶን የማይነካው ሽፋን የሚቀቡ አሉ።

ዝንጉ፣ ሲዱን ኮምፒውተሩ ላይ እንዳትሰካው። ምን እንደሆነ ሳታውቅ ኮምፒውተሩን ይዞት ይሄዳል።

#9 ባለማጉያዋ
ከአሴቶኑ በፊት ዓይንህን ተጠቀም። ክፍሉን አጨልመህ የስልክህን መብራት ከጎን፣ ከቺፑ ጋር እኩል አስተኝተህ አብራ። ሦስት ነገር እይልኝ። ጎድጓዳዋ ነጥብ ውስጧ ምን ይመስላል? የላይኛው ፊትና የጎኑ ጥቁረት አንድ ነው ወይ? እግሮቹ ከሰውነቱ የሚወጡበት ትከሻ ላይ ሊድ (መበየጃ) አለ ወይ?

#10 ዝንጉ_ዳዮድ
አሁን ከጠረጴዛዬ ነው የምጽፈው። ቅር ብሎኛል።

ነጥቧ 8080ው ላይ ጥልቅ ናት፣ ጠርዟ ስለታም፣ ወለሏ እንደ መስታወት ያብረቀርቃል። ሲዱ ላይ ግን ሳህን መስላለች። ጥልቀቷ ካንዱ ወገን ይበልጣል። ውስጧም እንደ ላዩ ሻካራ ነው፣ ቀለም የገባባት ይመስላል።

ጎኑ ወደ ግራጫ ያደላል፣ ላዩ ድፍን ጥቁር። በመካከላቸው ቀጭን መስመር አለ፣ ልክ ግድግዳ ሲቀባ ኮርኒሱ ጋ እንደሚቀረው።

እግሮቹ ያብረቀርቃሉ ብዬ ነበር። የሚያብረቀርቀው ሊድ ነው። ሁለት እግር ላይ እስከ ትከሻ ድረስ ወጥቷል። አንዱ እግር ተጣሞ እንደተቃናም ያስታውቃል።

ከዚያ አሴቶን። ጥጡን አንድ ጥግ ላይ ሁለት ጊዜ ብቻ አዞርኩት። ጥቀርሻ የነካ መሰለ። ስሩ ሁሉም ወደ አንድ አቅጣጫ የተኙ ጭረቶች አሉ። ጨርሻለሁ፣ ተሸውጃለሁ። ያመንኩት ውሸት፣ የናቅኩት እውነት ሆኖ ወጣ።

#11 የውሸት_ሰብሳቢ
እንኳን ወደ ማኅበሩ በደህና መጣህ ዝንጉ። እዚህ ውስጥ ያልተሸወደ ካለ ወይ ትናንት የጀመረ ነው ወይ ይዋሻል።

ይህ የሰብሳቢ ችግር ብቻ እንዳይመስልህ። አብዛኛው ፎርጅድ የሚሠራው ከተጣለ ቦርድ ነው። ቦርዱን እሳት ላይ ያሞቁታል፣ ቺፑን ያረግፋሉ፣ ያጥባሉ፣ ይሞርዳሉ፣ ያትማሉ። የአሜሪካ ሴኔት የጦር ኃይሎች ኮሚቴ በ2012 ባወጣው ሪፖርት ወደ 1,800 የሚጠጉ የተጠረጠሩ አጋጣሚዎችን ቆጥሯል፣ በቁጥር ከአንድ ሚሊዮን የሚበልጡ ክፍሎች። የጦር አውሮፕላን ውስጥ የገባ እኔና አንተ ጋ አይመጣም ብለህ ነው?

ከሁሉም የሚያስቀኝ ግን የ90ዎቹ የ486 ቦርድ ነው። ፈጣን ማስታወሻ አለው ተብሎ የተሸጠ። የተበየዱት ቺፖች ውስጣቸው ባዶ ፕላስቲክ ነው፣ እግሮቹም ወደ የትም አይሄዱም። ባዮሱ (ኮምፒውተሩን የሚያስነሳው ፕሮግራም) ተነካክቶ ኮምፒውተሩ ሲነሳ «ማስታወሻው አለ» ብሎ ይዋሻል። እኔ ሁለት አሉኝ። ኦሪጅናል ከመሰብሰብ ፎርጅድ መሰብሰብ ይሻላል የምለው ለዚህ ነው። የፎርጅድ ፎርጅድ ማንም አይሠራም።

#12 ናኖ_ቢት
እና በእጅ የማይታወቅ ከሆነስ? ሁሉም እንደዚህ ሰነፍ ሠሪ አይደለም። ጥሩ አድርጎ ያተመውን በምን ትለየዋለህ?

#13 ዜድ_ሰማንያ
ራሱን ቺፑን ትጠይቀዋለህ። ቀለም ይዋሻል፣ ሲሊከኑ ግን መዋሸት አይችልም።

እኔ የማውቀው ዜድ80 የሚባለውን የዚሎግ ፕሮሰሰር ስለሆነ በሱ ላስረዳ። በአሠራሩ ሁለት ዓይነት አለ። የድሮው ኤንሞስ፣ በኋላ የመጣው ሲሞስ። መጽሐፍ ላይ ያልተጻፈ አንድ ትእዛዝ አላቸው፣ ወደ ፖርት ቋሚ ቁጥር የሚልክ። ኤንሞሱ 0 ይልካል፣ ሲሞሱ 255። ስለዚህ ላዩ ላይ «ሲሞስ፣ 20 ሜጋኸርዝ» የተጻፈበት ቺፕ 0 ከላከልህ ነገሩ ግልጽ ነው፣ ውስጡ ያለው የድሮው ነው። እኔ ከአንድ ጥቅል አሥር አስመጥቼ ስድስቱ 0 ላኩልኝ። ጽሑፋቸው ቢታይ ከአራቱ ይበልጥ ያምር ነበር።

ዚሎግ በ2024 የዚህን ባለ 40 እግር ዜድ80 የመጨረሻ ትእዛዝ ተቀብሎ ስለዘጋው ከዚህ በኋላ ፎርጅዱ ይብሳል ባይ ነኝ።

6502 የሚባለው ፕሮሰሰር ላይም የሚያምር ነገር አለ። በ1975 የወጡት የመጀመሪያዎቹ ቢቶችን ወደ ቀኝ የሚያሽከረክረው ትእዛዝ የላቸውም። የተጨመረው በ1976 ነው። ስለዚህ «የመጀመሪያው ዙር ነጭ ሴራሚክ» ተብሎ የተሸጠልህ ቺፕ ያንን ትእዛዝ በትክክል ከሠራው እንኳን ደስ ያለህ አልልህም። እዚህ ላይ መሥራቱ ነው የሚያጋልጠው።

ፔንቲየም ደግሞ የታወቀ ነው። 4195835ን ለ3145727 አካፍል። ጤነኛው 1.33382 ይልሃል፣ በ1994 የታወቀው ማካፈል ላይ የሚሳሳተው በሽተኛ 1.33373። ሰብሳቢ የሚፈልገው በሽተኛውን ነው።

ጥንቃቄ፦ ዛሬ ከሚመረተው 65ሲ02 (የ6502 ሲሞስ ዓይነት) አንዱ አንደኛ እግሩ ውፅዓት ነው። የድሮው 6502 ሶኬት ላይ ያ እግር መሬት (ግራውንድ) ነው። ሳታጣራ ከሰካኸው ራስህ ታቃጥለዋለህ፣ ከዚያ ሻጩን ፎርጅድ ሸጠልኝ ትላለህ። (ከልምድ ነው የምናገረው።)

#14 ናኖ_ቢት
ለ4004ስ እንዲህ ያለ መላ አለ? አንድ ነጭ ሴራሚክ ባለ ወርቅ እግር ዓይኔ ገብቶ ነበር።

#15 አሮጌው_ሶኬት
አደራህን። በ1971 የወጣው 4004 የመጀመሪያው ለገበያ የቀረበ ማይክሮፕሮሰሰር ስለሆነ ሁሉም ይፈልገዋል፣ ፎርጅድ ሠሪውም ጭምር።

ችግሩ ወንድሞቹ ናቸው። 4002 የሚባለው የማስታወሻ ቺፕ የተሠራው አብሮት እንዲሠራ ነው። እሱም ባለ 16 እግር ነው። ኃይል የሚገባባቸው 5ኛና 12ኛ እግሮች እንኳ አንድ ናቸው። የሁለቱን ስም መቀያየር የአንድ አሃዝ ሥራ ነው፣ 2ን ወደ 4። በቴስተር ብቻ አይለይም። ወይ ፕሮግራም አስኪደህ ማየት፣ ወይ ውስጡን ማየት ነው። የ4004 ሲሊከን ላይ የነዳፊው የፌደሪኮ ፋጂን ስም መነሻ ፊደላት ተቀርጸዋል። እሱን ለማየት ግን ክዳኑን መክፈት ሊኖርብህ ነው፣ ከከፈትከው ደግሞ ዋጋ የለውም። በአሲድ መክፈት የሚባለውን እንዳታስበው፣ ሳንባህን ነው የምትከፍተው።

እነዚህ ነጭና ወርቅማ ቺፖች የጠፉት እኮ ስላረጁ ብቻ አይደለም። ለወርቃቸው ቀልጠው ነው። በ1995 የወጣው ፔንቲየም ፕሮ ገና ወጣት ነው፣ ግን ወርቁ ብዙ ስለሆነ በኪሎ ተመዝኖ እቶን ገባ። እሱን ሳስብ እናደዳለሁ፣ ልተወው።

#16 ባለማጉያዋ
ከርዕስ ወጥቼ አንድ ነገር፦ ዝንጉ፣ 8080ው ምን ላይ ተሰክቶ መጣልህ? ጥቁር ስፖንጅ ከሆነ ዛሬውኑ አውጣው። ያ ስፖንጅ ሲያረጅ ይፈረፈራል፣ አንዳንዱ እንደ ሙጫ ይሆናል፣ እግሩንም ይበላዋል። ቺፕ የሚሸጥበት የፕላስቲክ ቱቦ ካለህ እሱ ይሻላል።

#17 ዝንጉ_ዳዮድ
ጥቁር ስፖንጅ ነበር! አወጣሁት፣ አመሰግናለሁ። ጣቴ ላይ ተጣብቆ ቀረ።

ጋሼ፣ አንድ ጥያቄ ልጠይቅዎት። ሲድ ካልሆነ ይሄ ነገር ምንድን ነው? ሻጩ ገንዘቤን ሊመልስ ተስማምቷል። ቺፑን ግን መልስ አላለኝም።

#18 አሮጌው_ሶኬት
28 እግር ነው አይደል? ሲድ ላይ 14ኛው መሬት፣ 25ኛው 5 ቮልት፣ 28ኛው 12 ቮልት ነው። አብዛኛው ባለ 28 እግር የማስታወሻ ቺፕ ደግሞ 14ኛው መሬት፣ 28ኛው 5 ቮልት ነው። ለዚህ ነው አትሰካው ያልኩህ፣ 5 የሚፈልገው ላይ 12 ልትለቅበት ነበር። ሌላ ሲድ እንኳ ቢሆን 8580 የሚባለው ታናሹ 9 ቮልት ነው የሚፈልገው።

ግምቴ የማስታወሻ ቺፕ ነው። የኢፕሮም (የማስታወሻ ቺፕ) ማንበቢያ ካለህ በንባብ ብቻ፣ በ5 ቮልት ሞክረው። የአምራች መለያ አንብብ የሚለውን ግን አጥፋው፣ እሱ አንዱ እግር ላይ 12 ቮልት ይልካል።

#19 ዝንጉ_ዳዮድ
ማንበቢያ አለኝ። ማታ እመለሳለሁ።

#20 ዝንጉ_ዳዮድ
ተመለስኩ። አታምኑኝም።

አነበበ! መጀመሪያ ትርጉም የሌለው ቁጥር ነበር የሚወርደው። ፋይሉን እስከ መሃል ሳወርደው በእንግሊዝኛ ቃላት መጡ። «ወረቀት አልቋል»። ቀጥሎ «ክዳኑ ተከፍቷል»። ቀጥሎ የፊደል ዓይነቶች ስም። ትንሽ ዝቅ ሲል እያንዳንዱ ፊደል በነጥብ በነጥብ ተስሎ ተቀምጧል።

የፕሪንተር ሮም (ፕሮግራሙ የተቀመጠበት የማስታወሻ ቺፕ) ነው ጎበዝ። ሙዚቃ ልሰማ ገዝቼ ፕሪንተር ወረቀት ጨምርልኝ አለኝ።

#21 ባለማጉያዋ
😂😂😂 እንባዬ መጣ።

#22 ዜድ_ሰማንያ
ፋይሉን አስቀምጠው። የዚያ ፕሪንተር ሮም የሞተበት ሰው የሆነ ቦታ እየፈለገው ይሆናል።

#23 የውሸት_ሰብሳቢ
ዝንጉ፣ ሽጥልኝ። ከነጥጡ። ፎርጅድ ሲድ አለኝ፣ ግን የሚናገር የለኝም።

#24 ዝንጉ_ዳዮድ
አይሸጥም። ከ8080ው ጎን አስቀምጬዋለሁ።